ፔኒሲሊን ሽፋኑን ሳይበሳ ባክቴሪያን የሚገድለው እንዴት ነው?

በአገራችን መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ኦግመንቲን፣ ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶን በየካርቶናቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ በእንክብል፣ አንዱ በሽሮፕ፣ አንዱ በመርፌ ይሰጣል። ስማቸውና አሰጣጣቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ከፔኒሲሊን ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ቤተሰቡም ቤታ ላክታም ይባላል። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያን እንደሚገድሉ ብዙ ሰው ያውቃል። እንዴት እንደሚገድሉ ሲጠየቅ ግን አዘውትሮ የሚሰማው መልስ መድኃኒቱ እንደ በረኪና የጀርሙን ሽፋን አቃጥሎ ወይም በስቶ ይገባል የሚል ነው። መልሱ የተሳሳተ ነው። የቤታ ላክታም መድኃኒቶች ከሽፋኑ ጋር ጠብ የላቸውም፤ ጠባቸው ሽፋኑ ላይ ተተክለው ከሚሠሩት ፕሮቲኖች ጋር ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ መድኃኒት ለምን በየስምንት ሰዓቱ እንደሚዋጥ፣ ሌላው ለምን በመርፌ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ለምን ጉንፋን ላይ እንደማይሠራና ጀርሞችም እንዴት እንደሚላመዱት የሚገባን ከእነዚህ ፕሮቲኖች ስንነሳ ነው።

የቤተሰቡ መለያ አራት አቶሞች ያሏት ትንሽ ቀለበት ናት፤ ሦስቱ ካርቦን፣ አንዱ ናይትሮጅን ነው። እንዲህ ያሉ አቶሞች ሲያያዙ በመካከላቸው ከ109 እስከ 120 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን ቢኖር ይመቻቸዋል፤ በአራት ማዕዘኗ ቀለበት ውስጥ ግን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ተጨምቀው ይኖራሉ። ስለዚህ ቀለበቷ እንደ ተወጠረ ወጥመድ ናት፤ የሚነካት ካገኘች ለመፈታት ዝግጁ ናት። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ሻጋታው ባክቴሪያዎቹን ሲያጠፋ ያስተዋለው በ1928 ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የኦክስፎርዶቹ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ንጥረ ነገሩን አጣርተው ለሕክምና ያበቁት ከ1940 በኋላ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በጦር ሜዳ ብዙ ሰው ካዳነ በኋላም የኬሚካሉ ቅርጽ ገና ያከራክር ነበር። እንደ ሮበርት ሮቢንሰን ያሉ ታላላቅ ኬሚስቶች የአራት ማዕዘኗን ቀለበት ሐሳብ አልተቀበሉትም። ክርክሩን የቋጨችው ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ በ1945 በኤክስሬይ ጨረር የፔኒሲሊንን ቅንጣት አጥንታ ቀለበቷ በእርግጥ እንዳለች አሳየች። ከዚህ በታች የሚተረከው ነገር ሁሉ የዚች ቀለበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ባክቴሪያው እንሂድ፤ ለዚህም የብስክሌት ጎማ ይበቃናል። ከውስጥ ያለው ከመነዳሪ ስስና ተለጣጭ ላስቲክ ነው፤ አየሩን ይይዛል፣ ግፊቱን ግን ብቻውን አይችለውም። ግፊቱን የሚሸከመው ከውጭ የለበሰው ጠንካራ ጎማ ነው። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ከመነዳሪው በስንጥቁ በኩል እንደ እባጭ አብጦ ይወጣና ይፈነዳል፤ ከመነዳሪውን ማንም ሳይነካው ማለት ነው። ባክቴሪያም እንዲሁ ሁለት ነገር ለብሷል። ከመነዳሪው የሕዋሱ ሽፋን ነው፤ ከሁለት ረድፍ የቅባት ሞለኪውሎች የተሠራ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እጅ የማይሞላ። ከሽፋኑ ውጭ ያለው ጎማ ደግሞ የሕዋሱ ግድግዳ ነው። በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ጨው፣ ስኳርና ፕሮቲን ታጭቆ ስላለ ውኃ ከውጭ ወደ ውስጥ ያለማቋረጥ ይሳባል፤ እንደ ስታፊሎኮከስ ባሉት ባክቴሪያዎች ላይ የውስጡ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 20 እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 እጥፍ ገደማ እንደ ሆነ ስናስታውስ ግድግዳው የቱን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ ይገባናል።

ግድግዳው የሚታነጸው እንደ ሸማ ነው። ረጃጅም የስኳር ክሮች እንደ ድር ይዘረጋሉ፤ ከእያንዳንዱ ክር ላይ አምስት አምስት አሚኖ አሲዶች የተሰካኩባቸው አጫጭር ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ የአንዱ ክር ቅርንጫፍ ከጎረቤቱ ክር ቅርንጫፍ ጋር ሲቋጠር ማግ ሆኖ ድሩን ያስተሳስረዋል። እንዲህ ተሸምኖ ባክቴሪያውን ዙሪያውን የሚያቅፈው መረብ ፔፕቲዶግላይካን ይባላል። ባክቴሪያ ደግሞ ያድጋል፣ ለሁለትም ይከፈላል፤ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መረቡ አንድ ጊዜ ተሸምኖ የሚተው አይደለም፤ ግፊቱን እንደ ተሸከመ በየቦታው እየተቆረጠ አዲስ ክር ይገባበታል።

ሸማኔዎቹ የሚሠሩት የት ነው? ጥሬ ዕቃው የሚዘጋጀው በሕዋሱ ውስጥ ነው፤ የሚሸመነው ግን ከሽፋኑ ውጭ ነው። ስኳሩና የአሚኖ አሲድ ቅርንጫፉ የቅባቱን ሽፋን በራሳቸው ሊያልፉ ስለማይችሉ 55 ካርቦን ባለው ረጅም የቅባት ጅራት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጅራቱ ሽፋኑ ውስጥ ተሰክቶ ሸክሙን ይይዛል፣ ከዚያም አንድ የሽፋን ፕሮቲን ሸክሙን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። በውጭው ፊት የሚጠብቁት ሸማኔዎች ፕሮቲኖች ናቸው፤ አንድ እግራቸውን ሽፋኑ ውስጥ ተክለው የሚሠራ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተዋል። አንዱ ዓይነት እጅ ስኳሩን ከስኳር ይቀጥላል፤ ሌላው ቅርንጫፉን ከቅርንጫፍ ይቋጥራል። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የእነዚህ ሸማኔዎች 12 ያህል ዓይነቶች አሉት። ሳይንቲስቶች የሰጧቸው የጋራ ስም ትርጉሙ «ፔኒሲሊን የሚጣበቅባቸው ፕሮቲኖች» ማለት ነው፤ በሕይወታቸው በሚሠሩት ሥራ ሳይሆን በገዳያቸው ስም መጠራታቸው የሚያሳዝን ዕጣ ነው፣ ነገር ግን የተገኙት ፔኒሲሊኑ የት እንደሚያርፍ ሲፈለግ ስለ ነበር ስሙ ቀረባቸው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ሸማኔዎቹ እጃቸውን ወደ ውጭ የዘረጉ በመሆናቸው መድኃኒቱ እነርሱን ለማግኘት ሽፋኑን ማለፍ አያስፈልገውም። እንዲያውም አብዛኞቹ ቤታ ላክታሞች በደም ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው፣ ውኃን የሚወዱና ቅባትን የማይደፍሩ ሞለኪውሎች ስለሆኑ ሽፋንን በራሳቸው ኃይል ማለፍ ይቸግራቸዋል። ይህ ድክመታቸው የሚጎዳን ጀርሙ ራሱ በእኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሲደበቅ ነው፤ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ሌጂዮኔላን በፔኒሲሊን ማከም የማይቻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማታለሉ ደርሰናል። በእያንዳንዱ የግድግዳ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሁለት መንትያ አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ሁለቱም ዲ አላኒን ይባላሉ። አሚኖ አሲዶች እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ ግን የማይተካኩ ሁለት ቅርጾች አሏቸው፤ የሰው ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከግራዎቹ ሲሆን እነዚህ መንትዮች ቀኞቹ ናቸው። ሸማኔው ፕሮቲን ሥራውን ሲጀምር ሴሪን የተባለውን የራሱን ክፍል እንደ ጣት አስገብቶ በመንትዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ ይቆርጣል፤ መጨረሻ ያለው ዲ አላኒን ይወድቃል፤ የተቀረው ቅርንጫፍ ለአንድ አፍታ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ወዲያው የጎረቤቱ ቅርንጫፍ መጥቶ ይቀበለውና ቋጠሮው ይታሰራል። ጣቱም ነጻ ሆኖ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ዶናልድ ቲፐርና ጃክ ስትሮሚንገር በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ የፔኒሲሊን ቅርጽ ከእነዚህ መንትያ ዲ አላኒኖች ቅርጽ ጋር ይመሳሰላል የሚል ነበር። ሸማኔው ፔኒሲሊኑን እንደ ቅርንጫፍ ጫፍ ቆጥሮ ጣቱን ይሰዳል፤ የተወጠረችው ቀለበትም ትፈታለች። እዚህ ላይ ግን ከተለመደው ሥራ የሚለይ ነገር ይፈጠራል፦ በእውነተኛው ቅርንጫፍ ላይ የተቆረጠው ቁራጭ ወድቆ ቦታ ይለቃል፤ ቀለበት ሲቆረጥ ግን ሁለቱም ጫፎች የአንዱ ሞለኪውል አካል እንደ ሆኑ ይቀራሉ። የሚወድቅ ነገር የለም፤ ጎረቤት ቅርንጫፍ የሚገባበት ክፍተት የለም፤ ውኃም ገብቶ ሊያላቅቀው ይቸገራል። ሸማኔው ጣቱ በወጥመድ ተይዞ ይቀመጣል። ከብዙዎቹ ሸማኔዎች ላይ ፔኒሲሊኑ የሚላቀቀው ባክቴሪያው ለመራባት ከሚያስፈልገው ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ለባክቴሪያው ያ ፕሮቲን እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ሸማኔዎቹ ሥራ ስላቆሙ ብቻ ግድግዳው ወዲያው አይፈርስም፤ የቆመ ግድግዳ ግንበኛው ስለ ሄደ አይናድምና። ችግሩ አፍራሾቹ ሥራቸውን መቀጠላቸው ነው። አዲስ ክር እንዲገባ አሮጌውን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያለ ተተኪ መቁረጣቸውን ሲቀጥሉ መረቡ ይሳሳል፣ ይተረተራል። በ2014 የታተመ ጥናት ከዚህም የባሰ ነገር አሳይቷል፦ ስኳሩን የሚቀጥለው እጅ ክር ማምረቱን ሳያቆም፣ ቅርንጫፉን የሚቋጥረው እጅ ግን በመድኃኒቱ ስለ ተያዘ፣ ያልተቋጠረው አዲስ ክር ወዲያው ይቆራረጣል፤ ባክቴሪያው ለሚጣል ሥራ ጥሬ ዕቃውንና ጉልበቱን ያፈስሳል። በአጉሊ መነጽር ሥር ኢ ኮላይን ያየ ሰው የጎማውን ታሪክ ደረጃ በደረጃ ይመለከታል፤ መጀመሪያ በግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ሽፋኑ በቀዳዳው አብጦ ይወጣል፣ ከዚያም ይፈነዳል። ሽፋኑ የሚሞተው የመጨረሻ ተጎጂ ሆኖ እንጂ የመጀመሪያ ዒላማ ሆኖ አይደለም።

የትኛው ሸማኔ እንደ ተያዘም ከአሟሟቱ ይታወቃል። ብራያን ስፕራት በ1975 ባሳተመው ሥራ የኢ ኮላይ ሸማኔዎች የሥራ ድርሻ የተለያየ መሆኑን አሳየ። ሜሲሊናም የተባለው መድኃኒት ቁጥር 2 የሚባለውን ሸማኔ ብቻ ለይቶ ሲይዝ በትር መሳይ የነበረው ባክቴሪያ እንደ ኳስ ይድበለበላል፤ አዝትሪዮናም ቁጥር 3ን ሲይዝ ደግሞ ባክቴሪያው ለሁለት መከፈል አቅቶት እንደ ማካሮኒ እየረዘመ ይሄዳል። አንዱ ሸማኔ ለርዝመት፣ ሌላው ለመክፈያው ግድግዳ የተመደበ ነበር ማለት ነው።

ይህ አሠራር የመድኃኒቱን ወሰንም ያስረዳል። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ከመጀመሪያውኑ ግድግዳ የለውም፤ የሌለን ጎማ መቅደድ አይቻልምና አሞክሲሲሊን አይነካውም። ጉንፋንን የሚያመጡ ቫይረሶችም ግድግዳ፣ ሸማኔ የሚባል ነገርም የላቸውም። የእኛም ሕዋሳት ግድግዳ የላቸውም፤ መድኃኒቱ ጀርሙን እየገደለ እኛን የሚተወን ስለሚራራልን ሳይሆን የሚያታልለው ሸማኔ ስላጣ ነው። በእርግጥም ሽፋንን የሚወጋ መድኃኒት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ኮሊስቲንን ይመልከት፤ እርሱ በቀጥታ ከባክቴሪያው ሽፋን ቅባቶች ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ያናጋዋል፤ በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የሚፈራውና ለክፉ ቀን የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ የማይሸምን ባክቴሪያ አይታለልም። ጆሴፍ ቢገር በ1944 ፔኒሲሊን ውስጥ የተዘፈቁ ስታፊሎኮከሶች ሁሉ እንደማይሞቱ፣ ጥቂቶች እንደ ተኙ ሆነው እንደሚተርፉ ጽፏል። ልጆቻቸው መልሰው ሲራቡ እንደ ማንኛውም ባክቴሪያ በፔኒሲሊን ይሞታሉ፤ የተረፉት ሥራ አቁመው ስለ ነበር እንጂ መድኃኒቱን ስለ ተላመዱት አይደለም።

እስካሁን ያወራነው ባክቴሪያ ሁሉ አንድ ሽፋን ብቻ እንዳለው አድርገን ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ባወጣው የማቅለሚያ ዘዴ ባክቴሪያዎች በሁለት ታላላቅ ወገን ይከፈላሉ፤ ከሁለቱ አንደኛው፣ ግራም ኔጋቲቭ የሚባለው፣ ከግድግዳው ውጭ ሁለተኛ ሽፋን ደርቧል። ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ የዚህ ወገን ናቸው። ለመድኃኒቱ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው። ሸማኔዎቹ ያሉት በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ የውጭውን ሽፋን ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ የውጭው ሽፋን ደግሞ በውጭ ፊቱ ላይ ስኳርና ቅባት የተጣመሩበት ጥቅጥቅ ያለ ንብብር ስላለው ቅባት ወዳዱንም ውኃ ወዳዱንም ይመልሳል።

ባክቴሪያው ግን መብላት አለበት፤ ስለዚህ በውጭው ሽፋን ላይ በሮች አሉት። እነዚህ በሮች ፖሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ እንደ በርሜል ተጠቅልለው በመካከላቸው በውኃ የተሞላ ቀዳዳ ይተዋሉ። በቀዳዳው የሚያልፈው ሞለኪውል ክብደቱ እስከ 600 ዳልተን ገደማ መሆን አለበት። ፔኒሲሊን 334፣ አምፒሲሊን 349 ዳልተን ስለሆኑ በመጠን ሁለቱም ያልፋሉ። ነገር ግን የበሩ ጉሮሮ በአንድ ወገን አሉታዊ፣ በሌላው ወገን አዎንታዊ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች ተተክለውበታልና መልክ ያያል። አሉታዊ ሙል ብቻ ያለው ጥንታዊው ፔኒሲሊን በዝግታ ያልፋል፤ በ1961 ገበያ ላይ የዋለው አምፒሲሊን ግን ከአሉታዊው ጎን አዎንታዊ ሙል ያለው አንድ የአሚን ክፍል ስለ ተጨመረለት በተሻለ ፍጥነት ይገባል። ፔኒሲሊን ያቃተውን የአንጀትና የሽንት ቧንቧ ጀርም አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን ሊደርሱበት የቻሉት በዚች በአንዲት ጭማሪ ነው፤ ሸማኔውን የማታለል ችሎታቸው ሳይሆን በሩን የማለፍ ችሎታቸው ነበር የተሻሻለው።

በር ካለ ደግሞ መዝጋትም አለ። ሱዶሞናስ ኢሚፔኔም የተባለውን ብርቱ መድኃኒት የሚያስገባው አንድ ለይቶ የሚታወቅ በር አለው፤ በሩን መሥራት ያቆመ ሱዶሞናስ ኢሚፔኔምን በውጭ ያስቀረዋል። ከመዝጋት ሌላ ማስወጣትም ይቻላል፤ ከውስጠኛው ሽፋን ተነሥተው ክፍተቱን አቋርጠው በውጭኛው ሽፋን በኩል የሚወጡ ረጃጅም የፓምፕ ፕሮቲኖች አሉ፤ የገባውን መድኃኒት ከክፍተቱ ውስጥ እየለቀሙ ወደ ውጭ ይተፉታል። በሩ ጠቦ ፓምፑ ሲበረታ አንዱ የሌላውን ሥራ ያግዛል፤ ቀስ ብሎ የሚገባ ነገር ጠርጎ ለማውጣት ይቀላልና። መድኃኒት ሠሪዎችም በተራቸው ተንኰል አልጠፋቸውም፤ በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴፊዴሮኮል ከብረት ጋር የሚጣበቅ ክንድ ተሠርቶለት ባክቴሪያው ብረት ሲለቅም በራሱ የብረት በር እንዲያስገባው ሆኗል።

በሩን ያለፈው መድኃኒት ሸማኔው ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ጠላት ሊያገኘው ይችላል። ቤታ ላክታሜዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሥራቸው ቀለበቷን መፍታት ብቻ ነው። ኤድዋርድ አብርሃምና ቼይን ይህን ኢንዛይም በኢ ኮላይ ውስጥ ማግኘታቸውን ያሳወቁት በ1940 ነው፤ ፔኒሲሊን ገና በሆስፒታል በወጉ ሳይሰጥ ማለት ነው። ከእነዚህ ኢንዛይሞች ብዙዎቹ እንደ ሸማኔዎቹ የሴሪን ጣት አላቸው፤ ልዩነቱ ቀለበቷን ከፈቱ በኋላ ውኃን ጠርተው በአፍታ ይላቀቃሉ፤ ጣታቸው ሳይያዝ አንዱ ኢንዛይም በሰከንድ ብዙ ሞለኪውል ያበላሻል። በኦግመንቲን ውስጥ ከአሞክሲሲሊን ጋር የተጨመረው ክላቩላኒክ አሲድ ራሱ ጀርም ለመግደል ደካማ ነው፤ ሥራው እንደ መሥዋዕት ቀርቦ የእነዚህን ኢንዛይሞች ጣት መያዝ ነው። ከ2009 ጀምሮ የታወቀው፣ በኒው ዴልሂ ከተማ ስም የተሰየመው ኢንዛይም ግን በሴሪን ፈንታ ዚንክን ይጠቀማልና ክላቩላኒክ አሲድ አይዘውም። ይህ ኢንዛይም ከሌሎቹ የሚለየው በሌላም ነገር ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ እንደ ልብ ከመዋኘት ይልቅ በቅባት ጅራት ከውጭኛው ሽፋን ጋር ታስሮ ይኖራል። መታሰሩ ጠቅሞታል፤ ዚንክ ሲጠፋም ቶሎ አይፈርስም፣ ከሽፋኑም ላይ ትናንሽ ከረጢቶች ተቆንጥረው ሲወጡ አብሮ ወጥቶ የጎረቤት ባክቴሪያዎችን ጭምር ከመድኃኒቱ ይጋርዳል።

ስታፊሎኮከስ ሁለተኛ ሽፋን ስለሌለው ሌላ መንገድ መረጠ። ሽፋኑ ላይ እንደ ደወል የተተከለ ፕሮቲን አለው፤ ፔኒሲሊን ሲመጣ ከዚህ ፕሮቲን ጋር እንደ ማንኛውም ሸማኔ ይጣበቃል፤ መጣበቁ ግን ደወሉን ይደውላል፣ መልእክቱም በሽፋኑ ውስጥ ተሻግሮ የመከላከያ ጂኖቹን ያስነሣል። ከዚህም የከፋው፣ ሜቲሲሊን የተባለው የፔኒሲሊን ዘመድ በ1959 ከወጣ በኋላ በ1961 ከእንግሊዝ አገር ሪፖርት የተደረገው ዓይነት፣ ከሌላ ቦታ ያገኘው ተጨማሪ ሸማኔ አለው። የዚህ ሸማኔ ጣት ጠባብ ስርጉድ ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ አብዛኞቹ ቤታ ላክታሞች ሊይዙት አይችሉም፤ የቀሩት ሸማኔዎች ሁሉ ሲያዙ እርሱ የመቋጠሩን ሥራ ተረክቦ ግድግዳውን ያቆመዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የአማርኛ ቃል ማንሣት ያስፈልጋል። «መላመድ» የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር መጠቀማችን ትክክል ነው፤ ችግሩ ብዙ ሰው «ሰውነቴ አሞክሲሲሊን ለምዷል፣ ሌላ ይታዘዝልኝ» ማለቱ ነው። የሰው ሰውነት አሞክሲሲሊንን አይለምድም። የተለወጠው የባክቴሪያው በር፣ ፓምፕ፣ ኢንዛይም ወይም ሸማኔ ነው፤ ያ ባክቴሪያ አሞክሲሲሊን አንድም ቀን ቀምሶ የማያውቀው ጎረቤት ላይ ቢያርፍም ተላምዶ ነው የሚደርሰው።

የሰው ሽፋኖችስ? ግድግዳ ባይኖራቸውም በሮች አሏቸውና መድኃኒቱ ከእነርሱ ጋር ጉዳይ አለው። በቀጭን አንጀታችን ሕዋሳት ላይ ከምግብ የተገኙ ሁለትና ሦስት አሚኖ አሲድ ያላቸው ቁርጥራጮችን የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። አሞክሲሲሊንና ሴፋሌክሲን የአሚኖ አሲድ ቁራጭ ይመስላሉ፤ ባክቴሪያውን ያታለለው መልካቸው የእኛንም በር ያታልለዋል፣ ስለዚህ በአፍ ተውጠው ወደ ደም ይገባሉ። ሴፍትሪያክሶን በዚህ በር በቂ ሆኖ ስለማያልፍ በመርፌ ብቻ ይሰጣል። በኩላሊት ቱቦዎች ሕዋሳት ላይ ደግሞ እንደ ፔኒሲሊን ያሉ አሉታዊ ሙል ያላቸውን ነገሮች ከደም ለቅመው ወደ ሽንት የሚጥሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፔኒሲሊን በ30 ደቂቃ ገደማ ግማሹ የሚያልቀው በዋናነት በእነርሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መድኃኒቱ ብርቅ ሳለ ከበሽተኞች ሽንት ተለቅሞ እንደገና ይሰጥ ነበር።

በየስምንት ሰዓቱ መዋጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባክቴሪያው አዳዲስ ሸማኔዎችን ያለማቋረጥ ይተክላል፤ ኩላሊትም መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ይጥላል። ስለዚህ የሚፈለገው አንድ ጊዜ ብዙ መሆን ሳይሆን በቂ የሆነው መጠን ሳይጓደል ረጅም ሰዓት መቆየቱ ነው፤ የጠዋቱን ረስቶ ማታ ላይ ደርቦ መዋጥ የጠፋውን ሰዓት አይመልሰውም።

ከመጠን ያለፈ ብዛት ደግሞ ሌላ ሽፋን ላይ ችግር ያመጣል። በአንጎል ነርቮች ሽፋን ላይ ነርቩን የሚያረጋጋ፣ ክሎራይድን የሚያስገባ ጋባ የሚባለው መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ ፔኒሲሊን በጣም ሲበዛ ይህን ቀዳዳ ይዘጋል፣ በሽተኛውም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በቤተ ሙከራ በእንስሳት ላይ የሚጥል በሽታን ለማጥናት ፔኒሲሊን አንጎል ላይ ይደረግ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው የሴፌፒም መጠን ካልተቀነሰለት ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ የሚመጣበትም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። የፔኒሲሊን አለርጂም ቢሆን መነሻው ቀለበቷ ናት፤ በደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ተፈትታ ስትጣበቅ ሰውነት የራሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ያየዋል።

በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ይህን ሁሉ የሚጻረር ይመስላል። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ብዙ ልጆችና ወጣቶች ለዓመታት ይወስዱታል፤ ዓላማው የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ዳግም መጥቶ የልብ ቫልቫቸውን እንዳይጎዳ ነው። ኩላሊት ፔኒሲሊንን በ30 ደቂቃ ግማሽ የሚያደርገው ከሆነ አንድ መርፌ እንዴት ሳምንታት ይቆያል? መልሱ መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ የደቀቀ ክሪስታል ሆኖ መሠራቱ ነው። ከጡንቻ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ይወጣል፤ ኩላሊት ይጥላል፣ ጡንቻው ይተካል። በደም ውስጥ የሚኖረው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.02 ማይክሮግራም ገደማ እንደ በቂ ይቆጠራል። ለሌሎች ጀርሞች ይህ ምንም ማለት አይደለም። ይህ ስትሬፕቶኮከስ ግን የሚዘጋው የውጭ ሽፋን የለውም፤ ቤታ ላክታሜዝ አይሠራም፤ ሸማኔዎቹም በዚህች ጥቂት መጠን ይያዛሉ፤ ፔኒሲሊን ከ80 ዓመት በላይ ሲሰጥም ከበሽተኛ ተወስዶ በእርግጥ የተላመደው አልተገኘም። መርፌው እንደዚያ የሚያመውም ፈሳሹ በክሪስታሎቹ ምክንያት ወፍራም ስለሆነና በወፍራም መርፌ ጡንቻ ውስጥ ተገፍቶ ስለሚቀመጥ ነው፤ እዚያው ተቀምጦም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይሟሟል።